የዳሩ ለዶሮ

«ማሽላው ንጹህ ነው!» አሉ ዶክተር አሰግድ ከወንበራቸው ብድግ ብለው። «ማሽላው ንጹህ፣ ደሙ መርዝ! ሲሃም፣ እንዲህ ያለ ደስ የሚል እንቆቅልሽ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ደስ የሚል?» ቱግ አልኩ። «ዶክተር፣ ከሁሉም የባሰው ደም እኮ የእህቴ ነው!»

ክው አሉ። «ውይ፣ ይቅርታ» ብለው ተቀመጡ። ትንሽ ቆይቶ ግን እግራቸው ከጠረጴዛው ስር መወዝወዝ ጀመረ። ወላሂ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው፤ እንቆቅልሽ ሲያገኙ ግን አንድ ቦታ አያስቀምጣቸውም። ብናደድም፣ ውሸት ምን ያደርጋል፣ ነገሩ እኔንም ይዞኛል።

እኔ ሸዋ ሮቢት የምሠራ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ዶክተር አሰግድ ከአዲስ አበባ የመጡ ተመራማሪ ናቸው። የመጡበት ጉዳይ፣ በምንበላው እህል ላይ የሚበቅለው ሻጋታ ከጉበት ካንሰር ጋር ምን እንደሚያገናኘው በእኛ ቆላ ለማጥናት ነው። ደም የምትቀዳ፣ አገሩንም የምታውቅ ሰው ሲፈልጉ እኔን አገኙ። ጥናቱ ግራር ሜዳ መሆኑን ስሰማ «በነጻም እሠራለሁ» ልል ምንም አልቀረኝም። ግራር ሜዳ የተወለድኩበት መንደር ነው። እዚያ ሰው ዓይኑ ቢጫ ሲሆን፣ ሆዱ ሲነፋ «የወፍ በሽታ ነው» ይባልና ይቀበራል። እናቴም እንደዚያው ሆና ነው የሞተችው፤ ያኔ እኔ ገና ድክ ድክ የምል ልጅ ነበርኩ። ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ አሪፋ ናት።

ሻጋታው የሚያመነጨው መርዝ አፍላቶክሲን ይባላል። ቢቀቅሉት አይጠፋ፣ ቢጋግሩት አይጠፋ። ዛሬ በልተውት ዛሬ አይጥልም፤ ዓመት ከዓመት ጉበትን ይበላል። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው። ደም ውስጥ ምልክቱን ስለሚተው፣ ሰው ያለፉትን ወራት ምን ሲበላ እንደከረመ ደሙ ያሳብቅበታል። ሚያዝያ ላይ ከባልም ከሚስትም ደም ቀዳን። በየቤቱ እየዞርንም «ከምትበሉት እህል ስጡን» እያልን ማሽላ ሰበሰብን። ሰኔ ላይ ውጤቱ ሲመጣ ጉድ በል ሸዋ! የወንዶቹ ደም ደህና ነው፤ የሚስቶቻቸው ደም ግን ምልክቱ ሞልቶበታል። አንድ ቤት፣ ከአንድ የእህል ጉድጓድ የወጣ ማሽላ፣ ባል ደህና ሚስት ምርዝ! ማሽላው ደግሞ ሲመረመር እንከን አይወጣለትም።

«እህሉ ካልሆነ ሴቶቹ ብቻ የሚበሉት ሌላ ነገር አለ» አሉ ዶክተር። «እሱን ማግኘት አለብን። ቅዳሜ መኪናው ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳል፤ መቼ እንደምንመለስ ደግሞ እኔም አላውቅ።»

የእኔ ጭንቀት እዚህ ላይ ነው። አሪፋን አልትራሳውንድ አስነስተናታል፤ ጉበቷ እስካሁን ደህና ነው። እስካሁን! ምን እንደሚመርዛት ሳናውቅ ቅዳሜ ከሄድን እሷ ያንኑ ነገር መብላቷን ትቀጥላለች። ከዚያ በኋላ የሚቀረኝ ዓይኗ ቢጫ እስኪሆን መጠበቅ ነው። አንድ እናት ቀብሬአለሁ፤ ሁለተኛዋን አልቀብርም።

በማግስቱ ግራር ሜዳ ወረድን። ሰኔ ላይ ያ ቆላ እንዴት እንደሚፋጅ የቀመሰው ያውቀዋል። አሪፋ ከሩቅ ስታየን ቤቱን ጠርጋ፣ ምንጣፍ አንጥፋ ጠበቀችን። ገና አረፍ ሳንል ነጭ የማሽላ ቂጣ በቅቤ አርሳ፣ ወተት በብርጭቆ ሞልታ አቀረበች።

«እታለም፣ ለመብላት ሳይሆን ለመጠየቅ ነው የመጣነው» አልኳት።

«አፍሽን ማን ያዘው? እየበላሽ ጠይቂ።»

ዶክተር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እትዬ አሪፋ፣ ለውዝ ይበላሉ?»

«ካገኘሁ።»

«በርበሬስ?»

«የማይበላ አለ እንዴ?»

«እሺ፣ ባለቤትዎ የማይበሉት፣ እርስዎ ብቻዎን የሚበሉት ነገር ይኖራል?»

«ንዴት» አለች አሪፋ።

ባሏ ጋሽ ሷሊሕ ወተት ትን አላቸው። ዶክተር ግን ቀልዱንም ከቁም ነገር ቆጥረው ትንሽ አሰቡበት። ከዚያ ዓይናቸው እጇ ላይ አረፈ። «ሂናስ? ይሄ የተቀቡት ሂና?»

«ዶክተር፣ ሂና አይበላም» አልኩ።

«እጅ ላይ ነው ያለው፤ የሚበላውስ በእጅ አይደለም?» አሉና ሂናውንም በትንሽ ላስቲክ ቋጥረው ወሰዱ። ያን ቀን ከግራር ሜዳ ያልወሰድነው የለም። በርበሬ፣ ለውዝ፣ ለሆድ ቁርጠት የሚጠጣ ቅጠል፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ሁሉንም ወሰድን። እህቴ በር ድረስ ስትሸኘን «እኔ የምበላው እናንተ የምትበሉትን ነው፤ ምን ታካብጃለሽ?» አለችኝ፤ ፊቷን ግን ወደ አጥሩ አዙራ ነበር።

መርዙን ቶሎ የምንለይበት ቀጭን ወረቀት አለን። እህሉ ይፈጫል፣ በፈሳሽ ይበጠበጣል፣ ወረቀቱ ይነከራል። ሁለት ቀይ መስመር ካወጣ ደህና ነው፤ አንድ ብቻ ካወጣ መርዙ ከልክ አልፏል ማለት ነው። ረቡዕን ሙሉ ስንነክር ዋልን። ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት! ሂናው እንኳን ሁለት! ያን ሁሉ ሁለት መስመር ማየት እንዴት እንደሚያናድድ ልነግራችሁ አልችልም። ለሌላ ሰው ደስታ የሚሆነው ነገር እኔን አንጀቴን አሳረረኝ። ዶክተርም እግራቸው መወዝወዙን ተወ፤ እሱ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ።

ሐሙስ ጠዋት አሪፋ ደወለች። «ሁለተኛው ጉድጓድ ሊከፈት ነው፤ እንግዳሽን ይዘሽ ነይ፤ ያላየውን ነገር ይይ።»

የኛ አገር ማሽላ የሚቀመጠው ጉድጓድ ውስጥ ነው። መሬቱ እንደ ገንቦ ሆዱ ሰፊ አፉ ጠባብ ሆኖ ይቆፈራል፣ በጭድና በአገዳ ይለበጣል፣ እህሉ ይገባል፣ ከላይ በድንጋይና በጭቃ ይደፈናል። የግብርና ሰዎች ስንት ጊዜ «ተዉት» ብለዋል። ግን ድሮ መንደሩ በእሳት በተያያዘበት ዓመት ጎተራ ሲነድ ሰዉን ያተረፈው ጉድጓዱ ነው፤ እና ማን ይተወዋል? ደርሰን ስናይ ጎረቤቱ ተሰብስቧል። ጋሽ ሷሊሕ የበራ ፋኖስ በገመድ አስረው ወደ ውስጥ ያወርዳሉ። ፋኖሱ ከጠፋ የጉድጓዱ ትንፋሽ ሰው ይገድላል፤ አይገባም። ፋኖሱ አልጠፋም። ሰው ሁሉ «ቢስሚላህ» አለ፤ አንድ ጎረምሳም ወረደ።

ዶክተር ከጉድጓዱ አፍ ላይ በደረታቸው ተኝተው ቁልቁል ያያሉ። «እይው ሲሃም፣ እይው! መሀሉ ነጭ ነው፤ ግድግዳውን የነካው ግን ጠቁሯል!»

«ሁልጊዜም እንዲሁ ነው» አልኳቸው። «ዳር ዳሩ እርጥበት ያገኘዋል።»

«እና ያ የጠቆረው የት ይሄዳል?»

መልሱን ጋሽ ሷሊሕ ሰጧቸው። ሰጧቸው ሳይሆን እንደ ወጉ ጮክ ብለው አሉት፤ ጉድጓድ ሲከፈት የሚባል ነገር ነው። «የመሀሉ ለሰው፣ የዳሩ ለዶሮ!»

ሰዉም ተቀበላቸው። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ስለው የኖርኩት ነውና አብሬ አልኩ። ጋሽ ሷሊሕ ከመሀሉ አንድ ሰፌድ አስወጥተው በእጃቸው አነፈሱት፣ ድንጋዩን ለቀሙለት፣ ከዚያ በሁለት እጃቸው ለዶክተር አቀረቡ። «ለእንግዳ!» አሉ።

ዶክተር ሰፌዱን ተቀብለው ያዩታል። እኔም አየሁት። ከዚያ ተያየን። በየቤቱ «ከምትበሉት ስጡን» ስንል የተሰጠን ይሄ ነበር! ለእንግዳ ሻጋታ የሚሰጥ ማን አለ? በእኛ አገር ነውር ነው። ሰው ሳይዋሸን፣ በደግነቱ ብቻ፣ ጥናቱን ገደል ከተተው።

«ታዲያ የዳሩንም ይመርምሩት» አልኩ በሹክሹክታ።

«የዳሩንማ ዶሮ ነው የሚበላው» አሉ ዶክተር ትከሻቸው ወደቀና። «ከዶሮው ወደ ሴቶቹ... በእንቁላል? አይ፣ እንቁላል ይሄን ያህል አያደርስም።»

ያኔ ነው አሪፋ የዳሩን ማሽላ በቅርጫት ሞልታ፣ ራሷ ላይ አድርጋ ወደ ማጀቷ ስትሄድ ያየኋት። ግቢውን አቋርጣ ሄደች። ግቢው ጭር ብሏል። የሚጫጭር የለም፣ እግሯ ስር የሚሮጥ የለም። ቆይ፣ ቆይ! ፈንግል አይደል እንዴ ዓምና የመንደሩን ዶሮ ሙልጭ አድርጎ የጨረሰው? አንዲት ጫጩት አልተረፈችም፤ አሪፋ ስልክ ደውላ አልቅሳልኛለች እኮ!

«ዶክተር!» ጮህኩ።

«ምነው? ጊንጥ ነው?»

«ዶሮ የለም!»

«ምን?»

«ዶሮ የለም ዶክተር! እዚህ ግቢ የለም! መንደሩ ውስጥም የለም! የዳሩን ማን ይበላዋል?»

የዶክተር ፊት ቀስ እያለ ሲበራ አየሁ። ሰፌዱን ለማን እንደሰጡት አላውቅም፤ ከመሬት ተነሥተው ሱሪያቸውን እንኳ ሳያራግፉ ቆሙ። እኔ ግን አልጠበቅኋቸውም። ሮጥኩ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባላል፤ እኛን ደግሞ በዶሮ አታልለውን ኖረዋል!

ማጀት ስገባ አሪፋ ቅርጫቷን አስቀምጣ ምሳዋን ልትጎርስ ነው። ስታየኝ ሰፌዱን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነችው።

«ምን ትሠሪያለሽ እዚህ? እንግዳሽን ብቻውን ጥለሽ!»

«የሸፈንሽው ምንድን ነው?»

«ምንም።»

ነጠላውን ገለጥኩት። ቂጣው ጥቁር ነው። ላዩ ላይ ድልህ ተለድፎበታል፤ ጎንበስ ብዬ ሳሸተው ድልሁ ለምን እንደበዛ ገባኝ። ዝናብ የገባበት ጓዳ ይሸታል።

«የዳሩ ነው አይደል?»

«ታዲያ ልድፋው?» አሪፋ ተቆጣች። ከእኔ ቁጣ የሷ ይብሳል፤ የወረስኩት ከማን ሆነና። «አላህ የሰጠውን ሪዝቅ ልድፋ? እማዬ የሰባ ሰባትን ረሃብ ያየች ሰው ነበረች። አንዲት ፍሬ ብትወድቅ ጎንበስ ብላ ነው የምታነሳት። ይሄ ለእንግዳ አይሰጥ፣ ዘካ አይወጣበት፣ ገበያ አይወሰድ። ለባልና ለልጅ አይቀርብ። እና ማን ይብላው?»

«ዶሮ ነዋ! የዳሩ ለዶሮ አይደል የምትሉት?»

«ዶሮ ስንቱን ይበላል? ዶሮው ኖረም አልኖረ እኛው ነን የምንጨርሰው። እማዬም እንደዚሁ ታደርግ ነበር።»

እማዬም። ግድግዳ ተደገፍኩ። «ስንጠይቅሽ ለምን አልነገርሽንም?» አልኩ። «ስንት ጊዜ ጠየቅንሽ እታለም!»

«ዶክተር ፊት ሻጋታ እበላለሁ ልበል? የሷሊሕ ሚስት የምትበላው አጣች ይባልልኝ?»

«ለዶክተር ይሁን። ለእኔስ? እኔ ባዕድ ነኝ? በመጣሁ ቁጥር ነጭ ነጩን እያቀረብሽ፣ አንቺ እዚህ ተደብቀሽ...» እንባዬ መጣ። እንባዬ ሲመጣ ደግሞ ይበልጥ ነው የምናደደው። ከጥቁሩ ቂጣ ትልቅ ቁራሽ ቦጨቅሁና ወደ አፌ ወሰድኩት።

አሪፋ እጄን በጥፊ መታችው። ቁራሹ ተፈናጥሮ በሩ ጋ ወደቀ።

«እብድ ነሽ? ይሄ ላንቺ አይሆንም!»

«ላንቺስ እንዴት ሆነ?»

እጇ የመታኝ ቦታ ላይ እንዳለ ቀረ። በሩ ውጭ ዶክተር «እትዬ አሪፋ፣ መግባት ይቻላል? ልግባ ወይስ ይቅር?» እያሉ አንዴ በአንድ እግር አንዴ በሌላው ይቆማሉ።

ከቅርጫቱ አንድ እፍኝ ይዤ ወጣሁ። በመኪናው ኮፈን ላይ ፈጨነው፣ በጠበጥነው፣ ወረቀቱን ነከርነው። እኔ ነኝ የያዝኩት። ሰዉ ከቦናል። የመጀመሪያው ቀይ መስመር ወጣ። ጠበቅን። ሁለተኛው ይመጣል ብዬ ትንፋሼን ይዣለሁ፤ አልመጣም፣ አልመጣም...

«አንድ!» ብለው ጮሁ ዶክተር። «አንድ መስመር! አገኘነው!» ጋሽ ሷሊሕን እቅፍ አድርገው ወዘወዟቸው፤ ሰውየው ምን እንደተገኘ ሳያውቁ «አልሀምዱሊላህ! አልሀምዱሊላህ!» ይላሉ። እኔም እልል አልኩ። ወላሂ እልል አልኩ! በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እማዬን የበላት አውሬ ፊቱን ያሳየኝ መሰለኝ።

ዶክተር ግን ወዲያው ረጋ አሉ። «እንግዲህ አትቸኩሉ» አሉ ለሰዉ። «መርዙ ከየት እንደሚገባ አወቅን እንጂ፣ ማን በካንሰር እንደሚያዝ አላወቅንም። ከዚህ እስከዚያ ብዙ ሥራ አለ። መብላቱን ማቆም ግን ሥራውን አይጠብቅም፤ ዛሬ ነው።»

ለጋሽ ሷሊሕ ሚስታቸው ምን ስትበላ እንደኖረች የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ደጋግመው «እኔ እኮ ለዶሮ ነው የመሰለኝ» አሉ። ኮፍያቸውን አወለቁና መልሰው አደረጉት፤ ወደ ማጀቱ አዩ እንጂ መግባት አልደፈሩም።

አሪፋ ወጣች። ወረቀቱን አሳየኋት፣ መስመሩን አሳየኋት። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችው። «ይሄ ክር የምታክል ነገር ነው እኔን የሚገድለኝ? እስካሁን አልገደለኝም።»

«እታለም!»

«አልደፋም አልኩሽ። ሀራም ነው።»

ዶክተር ጣልቃ ገቡ። «ማን ይደፋ አለ? ለእኔ ይስጡኝ። ለምርምር በጣም ነው የምፈልገው፤ እያንዳንዷ ፍሬ ሥራ አላት። እንዲያውም ያለዎትን ሁሉ!»

አሪፋ ዓይኗን ጠበብ አደረገች። «ሥራ ላይ ይውላል?»

«ይውላል እንጂ!»

«ለትምህርት ከሆነ ብክነት አይባልም» አለችና ቅርጫቱን አምጥታ ሰጠቻቸው። እኔ ግን ታውቁኛላችሁ፣ አላመንኳትም። ተከትያት ገባሁ። በሩ ጀርባ፣ በሰሌን ተሸፍኖ፣ ከመጀመሪያው ጉድጓድ የተረፈ የዳር ማሽላ በጆንያ ቆሟል። «ይሄስ?» ስላት በጆሮዬ «ክረምቱ ረጅም ነው፤ እሱን ተዪው፤ ለእኔ ብቻ ነው» አለችኝ። ለእኔ ብቻ ነው! ጮህኩ፣ ለመንኩ፣ እግሯ ላይ ልወድቅ ነበር። ጆንያው ላይ ቁጭ አለችበት። አሪፋ አንድ ነገር ላይ ቁጭ ካለች በሬም አይጎትታት።

በዚህ መሀል ወሬው አጥር ዘሎ ነበር። መጀመሪያ የመጣችው ጎረቤቷ ሙሀባ ናት። አንድ ላስቲክ ከጉያዋ አውጥታ ግራ ቀኝ አየችና ለዶክተር «ይሄ የእኔ አይደለም፣ የሰው ነው» አለች። ዶክተር ነከሩት፤ አንድ መስመር! «እኔ ብቻ የምበላ መስሎኝ!» ብላ ሙሀባ ራሷን ያዘች። ከኋላዋ የቆመችው «አንቺም ትበያለሽ? ባለፈው ሳምንት ዶሮዬ ጠገበች ያልሽኝ?» ስትላት፣ «አንቺ ራስሽ ዶሮሽ ከሞተች ዓመቷ አይደል? ማንን ነው ስታበዪ የከረምሽው?» አለቻት። ሳቁ ግቢውን ሞላው። ከዚያ በኋላማ ማን ያቆማቸው! በቅል፣ በሻሽ ቋጥረው፣ በጀሪካን ይዘው መጡ። ለዓመታት እያንዳንዷ ማጀቷን ዘግታ ለብቻዋ የበላችውን ነገር እየተሳሳቁ ኮፈኑ ላይ ይከምሩታል። ዶክተር ስም ይጽፋሉ፣ ያሽጋሉ፣ ይሮጣሉ፣ እርሳስ ይጥላሉ። «ሲሃም፣ ለሾፌሩ ንገሪልኝ!» ይላሉ። «ቅዳሜ የትም አንሄድም! መኪናው ከዚህ አይነቃነቅም!»

እኔ ሥራዬን ልሥራ እንጂ ልቤ ማጀቱ ጋ ነው። መንደሩ ሁሉ ሲያመጣ የእኔዋ ጆንያ ላይ ተቀምጣለች። ሙሀባ በር ላይ ቆማ ብትጠራት «ሂጂ ወዲያ፣ ሰርግ አደረጋችሁት» አለቻት።

ፀሐይዋ ዘወር ስትል ናጅዋ መጣች። ናጅዋ የአሪፋ ልጅ ናት፤ ዓምና ከወንዙ ማዶ ተድራ፣ አሁን ሆዷ ገፍቷል። ላብ በላብ ሆና፣ በአንድ እጇ ወገቧን ደግፋ፣ በሌላው ትንሽ ከረጢት ይዛለች። የእናቷ ቤት ሰው ተሰበሰበ ሲባል ደንግጣ የመጣች መስሎኝ «ደህና ነች እናትሽ፣ አትደንግጪ» አልኳት።

«አውቃለሁ፤ የዳሩን እየተቀበላችሁ ነው ሲሉ ሰምቼ ነው» አለችና ከረጢቱን ሰጠችኝ።

አሪፋ የልጇን ድምፅ ሰምታ ወጥታ ነበር። ከረጢቱን ከእጄ ነጠቀችኝ፣ ፈታችው፣ አየችው። ጥቁር ማሽላ ነው። ግማሹ ተፈጭቷል።

«ይሄ የማነው?» አለች።

«የኔ ነው» አለች ናጅዋ።

«አንቺ ትበያለሽ?»

ናጅዋ መሬት መሬት አየች። «አዎ።»

«ይሄን ሆድ ይዘሽ? ማን ብዪ አለሽ? አማትሽ ናት? ባልሽ ነው? ንገሪኝ፣ ማን ነው ብዪ ያለሽ?» አሪፋ መንደሩ እስኪሰማ ጮኸች። ሳቁ ቆመ። ዶክተርም እርሳሳቸውን እንደያዙ ቀሩ።

«ማንም አላለኝም» አለች ናጅዋ። «ነጩን ነው የሚሰጡኝ። አንቺ ስትበዪ እያየሁ አይደል ያደግሁት? ሚስት የሆነች ሴት እንደሱ ነው የምትበላ መስሎኝ ነው።»

አሪፋ ከረጢቱን ይዛ ቆመች። እኔ በደም፣ በወረቀት፣ በጩኸትና በልመና ያላነቃነቅኋት ሴት ፊቷ ላይ አንድ ነገር ሲሰበር አየሁ። ናጅዋን አንገቷን አቅፋ ሳመቻት። ወደ ማጀት ገባች።

ስትወጣ ጆንያውን እየጎተተች ነው። ጋሽ ሷሊሕ ሊረዷት ሮጡ፤ በክንዷ ገፋቻቸው። ራሷ እስከ መኪናው ጎትታ አደረሰችው፤ በሩ ጋ ወድቆ የነበረውን ቁራሽ ቂጣ ሳይቀር አንሥታ ከላዩ ጣለችበት። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ዞር ብላ አየችኝ።

«ሲሃም፣ ያልመጡት እነማን ናቸው?»

«ከመስጊዱ ወዲያ ያሉት አልመጡም» አልኩ።

«ነይ እንሂድ።»

በዚያ ፀሐይ እየፈጠነች ከፊቴ ሄደች፤ እየሮጥኩ ነው የደረስኩባት። የመጀመሪያው ቤት በር ላይ የወጣችው ሴት አሪፋን ስታይ ነጠላዋን አስተካከለች። «ግቡ፣ ግቡ! ቤት ያፈራውን ቅመሱ» ማለት ጀመረች።

«ለመቅመስ አይደለም» አለች አሪፋ። ዓይኗን አላዞረችም። «የዳሩን አምጪ። እኔ ስበላ ኖሬአለሁ። ልጄም በላች።»

ሴትዮዋ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ እሷን አየች። ከዚያ ቅርጫት አንሥታ ወደ ማጀቷ ገባች።